ኤአይ ቀድሞ ሲናገር ዓይናችን ምን ይሆናል?

የማታ ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ፤ ራጅና ሌላ የሕክምና ምስል ማንበብ የምማር ሐኪም፣ ሦስተኛ ዓመቴ። ሰሞኑን አንድ ነገር ገጥሞኝ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰንብቻለሁ። የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው።

እኔ ያለሁበት ክፍል የደረት ራጅ የሚያነብ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ከገባ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ምስሉ ሲከፈት ውጤቱም አብሮ ብቅ ይላል። የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ ዙሪያውን ሣጥን ይሥልበታል። ካላገኘ ጥግ ላይ «ምንም አልተገኘም» ይላል።

አንድ ሌሊት ሳል አልለቅ ያላቸው ሰው ራጅ ከፈትኩ። ከልብ ጥላው ጀርባ አንዲት ትንሽ፣ ጠርዟ የደበዘዘ ነጭ ነገር አየሁ። ጠረጠርኳት። አጎላሁና ደግሜ አየኋት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ። «ምንም አልተገኘም»። የደም ሥር ጥላ ትሆናለች አልኩና የሚያሳስብ ነገር የለም ብዬ ሪፖርቱን ዘጋሁት።

ጠዋት ሲኒየሬ ሪፖርቱን ሲያዩ እዚያችው ቦታ ላይ ቆሙ። ሲቲ ስካን ታዘዘ። ኖጁል ናት፤ ሳንባ ላይ የወጣች ትንሽ እብጠት። ሪፖርቱ በሰዓታት ውስጥ ስለታረመ በሽተኛው ላይ የደረሰ ነገር የለም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሳላያት አላለፍኩም። አይቻታለሁ፤ አይቼ ነው የተውኳት። ሳያዩ ማለፍ ሁላችንም ላይ ይደርሳል፣ ለምጄዋለሁም። ያዩትን መካድ ግን አዲስ ሆነብኝ። ማንም ተሳስተሻል አላለኝም። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያነበብኩት።

እናንተስ እንዴት ናችሁ? ፕሮግራሙን ከማየታችሁ በፊት ታነባላችሁ ወይስ አብራችሁ? ወይስ ይህ የኔ የልምድ ማነስ ነው?

ጥቁርና ነጭ፦

አይዞሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ምስል አንብቤአለሁ። የጻፍሽው እኔም ላይ ደርሷል። የልምድ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ተለክቷል።

እ.ኤ.አ. በ2023 «ራዲዮሎጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። 27 ራዲዮሎጂስቶች 50 ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ አነበቡ። ከእያንዳንዱ ምስል ጋር የኤአይ አስተያየት ነው የተባለ፣ ምስሉ ለካንሰር ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚገልጽ ደረጃ ይቀርብላቸዋል። ተመራማሪዎቹ አንዳንዱን ሆን ብለው አሳስተውታል። አስተያየቱ ትክክል ሲሆን ጀማሪውም አንጋፋውም 80 በመቶ አካባቢ በትክክል ደረጃ ሰጠ። አስተያየቱ ሲሳሳት ጀማሪዎቹ ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ መካከለኛ ልምድ ያላቸው ወደ 25፤ በጣም ልምድ ያላቸው ወደ 45 በመቶ ገደማ። አንጋፋዎቹ ይሻላሉ። ግን እነሱም ከግማሽ በላይ ተሳስተዋል።

በሙያው ቋንቋ አውቶሜሽን ባያስ ይሉታል። እኔ ለተማሪዎቼ «ለማሽን ማደር» ብዬ ነው የምነግራቸው። ስንፍና አይደለም። አእምሮ ሲጠራጠር የሚደገፍበት ይፈልጋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሌላ ሰው አጠገብሽ በሌለበት፣ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ ሁለተኛ ሐኪም ሆኖ ይሰማሻል። አንቺ ያደረግሽው እሱን ነው።

ኮድ ጸሐፊ፦

በሕክምና ምስል ሶፍትዌር ላይ የምሠራ ኢንጂነር ነኝ። ዶክተር ያመጡትን ጥናት አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ጥናት ነው። ግን ስህተቱ ሆን ተብሎ የገባበት ፈተና ነው። በእውነተኛ ሥራ ላይ የታየውም ይነገር።

ስዊድን ውስጥ የተደረገው የማሳይ ጥናት ከ80,000 በላይ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ በሁለት ራዲዮሎጂስት ተነበቡ። የሌሎቹን ምስል ፕሮግራሙ ቀድሞ አይቶ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጠ። 10 ያገኘው ለሁለት ሰው፣ የቀረው ለአንድ ሰው ሄደ። በ2023 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት እንዲህ ነው፦ በኤአይ በኩል ከ1000 ሴቶች 6.1 ካንሰር ተገኘ፣ በተለመደው በኩል 5.1። የንባብ ሥራው ደግሞ በ44 በመቶ ቀነሰ።

ያ ቀላል ነገር አይደለም። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወይም በደከመበት ዓለም እነዚያ ሴቶች እውነተኛ ሰዎች ናቸው። እባካችሁ በአንድ ሌሊት ስህተት ምክንያት መሣሪያውን አንጣለው።

የማታ ተረኛ፦

ወንድሜ፣ መጣል አላልኩም። መረዳት ነው የፈለግኩት። ሁለቱም ጥናት እውነት ከሆነ አንዱ ጋ ሐኪሙ የተበላሸው፣ ሌላው ጋ የተሻለው ለምንድን ነው? የሰው ዓይን ያው የሰው ዓይን ነው።

ጥቁርና ነጭ፦

ጥያቄሽ ልክ ነው። የሚመስለኝን ልጻፍ፤ ትንሽ ይረዝማል።

በስዊድኑ ጥናት የፕሮግራሙ ትልቁ ሥራ የሰው ዓይን የት እንደሚበዛ መወሰን ነው። ነጥቡ ከፍ ያለው ምስል ሁለት ሰው ያገኛል። ዝቅ ያለውም ቢሆን አንድ ሰው ያየዋል። አንቺ ጋ ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራ አላከፋፈለም፤ ምስሉን ገና ሳታዪ ፍርድ ነገረሽ። ሁለቱም ኤአይ ይባላሉ። ለሚያነበው ሰው ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህንን ደግሞ አንዴ አይተነዋል፤ ወጣቶቹ አታስታውሱትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማሞግራም ላይ ምልክት የሚያደርግ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ፕሮግራም በ1998 ፈቀደ። ካድ እንለው ነበር። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ ራስህ አንብብ፣ ከዚያ ምልክቶቹን ክፈት፣ ከዚያ ወስን። ስንቶቻችን ጠበቅነው? እኔ በበኩሌ ሥራ ሲበዛብኝ ምልክቶቹን ከፍቼ የምጀምርባቸው ቀናት ነበሩ።

ውጤቱ በ2007 መጣ። በሦስት የአሜሪካ ግዛቶች በ43 ማዕከላት የተሠራ ጥናት ነው። ካድ ባስገቡት ማዕከላት ጤነኛዋን ጤነኛ የማለት አቅም ከ90.2 በመቶ ወደ 87.2 ወረደ። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከጡት ናሙና ወስዶ መመርመር፣ በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ። ካንሰር የማግኘቱ ነገር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በ2015 ሌላ ትልቅ ጥናት ወጣ፤ ከ320,000 በላይ ሴቶች፣ 271 ራዲዮሎጂስቶች። ጥቅም አልተገኘም። እኔን የመታኝ ውስጡ ያለው አንድ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ሐኪሞች በካድም ያለ ካድም ያነቡ ነበር። ያው ሐኪም ካድ ሲኖር ካንሰር የማግኘት አቅሙ ዝቅ አለ። ያው ሰው፣ ያው ሥልጠና።

የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከካድ በብዙ ይበልጣሉ፤ እዚህ ላይ ከኮድ ጸሐፊ ጋር እስማማለሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን አልተቀየረም።

የራጅ ክፍል፦

እኔ ምስሉን የማነሣው ነኝ። ሐኪሞቹ ስለ ማንበብ ሲከራከሩ ስለ ማንሣቱም አንድ ነገር ልጨምር።

በሽተኛው ትንሽ ከዞረ የልብ ጥላ ይቀየራል። በደንብ አየር ካልሳበ የሳንባው ታች የታመመ ይመስላል። ተኝቶ በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነው። ጥሩ ራዲዮሎጂስት ደውሎ «ይቺን እንዴት አነሣሃት?» ይለኛል። ፕሮግራሙ አይደውልም።

አንዳንዴ ደግሞ የማይገባውን ነገር ይማራል። በ2018 የታተመ ጥናት ላይ የሳንባ ምችን እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት ችሎ ነበር። በአንዱ ሆስፒታል ምች ከበዛ ሆስፒታሉን ማወቁ ብቻ ጥሩ ነጥብ ያስገኝለታል። ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ በአብዛኛው ነጥቡ ወረደ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን ሁልጊዜ ለአዳዲስ ልጆች እነግራለሁ። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር እንዲፈልጉ ፕሮግራሞች በብዛት ከሠለጠኑባቸው ምስሎች ውስጥ ብዙዎቹ ላይ የደረት ቱቦ ገብቶ ነበር። ቱቦ የገባለት ሰው ታውቆ መታከም የጀመረ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ቱቦውን እያየ «አየር አለ» ማለት ይማራል። ቱቦ የሌለው፣ ገና ያልታወቀው፣ ሊሞት የሚችለው ሰው ላይ ግን ይደክማል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱ ላይ እንዲበረታ ነው።

ተመላሽ፦

ሐኪም አይደለሁም፤ ብጽፍ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ዓመት ማሞግራም ተነሥቼ ተመልሰሽ ነይ ተባልኩ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው መናገር አልችልም። መጨረሻ ላይ ደህና ነሽ ተባልኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በኋላ ነው ምስሌን ኮምፒውተርም እንዳየው የሰማሁት። ማን እንደጠራኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ነው ወይስ ማሽኑ? ማሽኑ አለ ብሎ ሐኪሙ የለም ካለ ይነገረኛል? ይህንን መጠየቅ መብቴ አይደለም?

ጥቁርና ነጭ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና ሆኑ። ጥያቄዎ እዚህ ከተጻፉት ሁሉ ይከብዳል።

በመጀመሪያ አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልንገርዎ፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። ተመለሺ መባል ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። ኮድ ጸሐፊ ባመጣው የስዊድን ጥናት በኤአይ በኩል ከ1000 ሴቶች 22 ያህሉ ተመልሰው ተጠሩ። ካንሰር የተገኘባቸው 6 ያህል ናቸው። ከተጠሩት የሚበዙት እንደ እርስዎ ደህና ናቸው። ያለ ኤአይም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ 20 ተጠርተው ካንሰር የተገኘባቸው 5 ያህል ነበሩ። እኛ ይህንን ስንጠራችሁ መንገር አለብን። ብዙ ጊዜ አንነግርም። ያ ጥፋታችን ነው።

ማን እንደጠራዎ መጠየቅ ደግሞ ይችላሉ። ሪፖርቱን የፈረመ ሰው አለ፤ ኃላፊነቱም የሱ ነው። ማሽን አይፈርምም።

በሐኪሙና በማሽኑ መካከል ልዩነት ሲኖር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ2025 የወጣ ጥናት ተራ ሰዎችን እንደ ፍርድ ቤት ዳኞች አድርጎ ጠየቀ። ራዲዮሎጂስቱ በሽታውን ስቶታል። ኤአይ አግኝቶት እንደነበር የተነገራቸው ሰዎች ኤአይ ጨርሶ እንዳልነበረ ከተነገራቸው ይልቅ ሐኪሙ ላይ ፈረዱ። ይህ ሐኪሙን ምን እንደሚያደርገው ይታይዎታል? «ኤአይ ምልክት ካደረገ አልሽረውም፣ በኋላ ይጠይቁኛል» ይላል። ያን ጊዜ ያለ ምክንያት የሚጠሩ ሴቶች ይበዛሉ። ዘጠኙ ቀን ለሌሎችም ይደርሳል።

ተመላሽ፦

አመሰግናለሁ ዶክተር። ያኔ ይህንን ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር። ከአራት አንዷ ነሽ ቢሉኝ እንኳ እቆጥር ነበር። ምንም ሳይሉኝ ቀርተው እኔ ሞቴን ነበር የምቆጥረው።

ስኮፕ፦

የጨጓራና አንጀት ሐኪም ነኝ። እኛ ጋ ምስሉ ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ትልቁ አንጀት ውስጥ እየሄደ ፕሮግራሙ ፖሊፕ (የአንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ሲያይ ሣጥን ያበራል። ብዙ ጥናቶች ብዙ ፖሊፕ እንደሚያስገኝ አሳይተዋል፤ እኔም ወድጄዋለሁ።

ነገር ግን በ2025 ከፖላንድ የመጣ ጥናት አስደንግጦኛል። አራት ማዕከላት ኤአይ አስገቡ። ተመራማሪዎቹ ያዩት ኤአይ የበራባቸውን ምርመራዎች አይደለም። ኤአይ ከገባ በኋላ ሳይበራ የተሠሩትን ከመግባቱ በፊት ከነበሩት ጋር ነው ያወዳደሩት። ቢያንስ አንድ አዴኖማ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊቀየር የሚችል ፖሊፕ የተገኘባቸው ምርመራዎች ከ28.4 በመቶ ወደ 22.4 ወርደው ተገኙ።

በዕጣ የተመደበ ጥናት ስላልሆነ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ግን እኔ ራሴን አውቃለሁ። አንድ ቀን ሲስተሙ ተበላሽቶ ያለሱ ሠራሁ። ዓይኔ የአንጀቱን እጥፋት ከመፈተሽ ይልቅ ሣጥኑ እስኪበራ ሲጠብቅ ያዝኩት። የሚበራ ነገር እንደሌለ እያወቅኩ! ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ኮድ ጸሐፊ፦

ይህ ልብ ይነካል፤ አልከራከረውም። ግን ሌላኛው ስህተትም አለ፤ እሱንም ሳንረሳ እንሂድ።

የማታ ተረኛ ማሽኑን አምና ተሳሳተች። ማሽኑን ባለማመን የሚሳሳቱም አሉ። በ2023 የወጣ የኢኮኖሚስቶችና የሐኪሞች ጥናት የደረት ራጅ ላይ የፕሮግራሙ ግምት ብቻውን ከአብዛኞቹ ራዲዮሎጂስቶች የተሻለ ሆኖ አገኘው። ግምቱን ለሐኪሞቹ ሲሰጧቸው ግን በአማካይ አልተሻሻሉም። የማሽኑንና የራሳቸውን በአግባቡ ማመዛዘን አልቻሉም። በ2024 ደግሞ 140 ራዲዮሎጂስቶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ኤአይ አንዳንዱን ረዳ፣ አንዳንዱን ጎዳ። የሥራ ዘመን ብዛት ማን እንደሚጠቀም አልተነበየም። ቀድሞ ኤአይ የተጠቀመ መሆኑም አልተነበየም።

ስለዚህ «ጀማሪዎች ይጠንቀቁ» ብሎ መዝጋት አይቻልም።

አሁን ወደ «ምንም አልተገኘም» ልምጣ፤ ይህ የኛ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው «አለ» ወይም «የለም» አይደለም፤ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ከ0 እስከ 1። ሰው ያስቀመጠው ድንበር አለ። ድንበሩ 0.30 ነው እንበል። ያቺ ኖጁል 0.29 ብታገኝ ሣጥን አይሣልም። 0.01 ብታገኝም አይሣልም። ማያው ላይ ሁለቱም «ምንም አልተገኘም» ሆነው ይታያሉ። አንደኛው ግን «ተጠራጥሬ ነበር» ማለት ነው። አንቺም ተጠራጥረሽ ነበር። ሁለታችሁም ተጠራጥራችሁ፣ ማያው ላይ ግን አንድም ጥርጣሬ አልተጻፈም።

ሌላው ደግሞ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው የሠለጠነበትን ብቻ ነው። ኖጁል ፈላጊው የጎድን አጥንት ስብራት አይነግርሽም። «ምንም» የሚለው ቃል ግን ሁሉንም ያየ ያስመስለዋል።

የማታ ተረኛ፦

እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ሥልጠናው ላይ «ትክክለኛነቱ ከፍተኛ ነው» ተባልን፣ ቡና ጠጣን፣ ወጣን። ድንበሩ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንዳስቀመጠው፣ ምን ምን እንደማይፈልግ ማንም አልነገረንም።

ጥቁርና ነጭ፦

«ምንም» ስለሚለው ቃል ኮድ ጸሐፊ ያለው ወርቅ ነው። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2013 የታተመ ጥናት ላይ 24 ራዲዮሎጂስቶች ሲቲ ላይ የሳንባ ኖጁል እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆ ነበር፤ በመጠኑ ከአማካይ ኖጁል 48 ጊዜ የሚበልጥ። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመረመር ብዙዎቹ በቀጥታ ጎሪላው ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው ነበር።

ዓይን የሚያየው አእምሮ ፈልግ ያለውን ነው። ሣጥን ማለት ለአእምሮ «እዚህ ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሌላውን ቦታ «እዚህ አትልፋ» ይለዋል። ስለዚህ የኔ መንገድ ይህ ነው፤ ግትር ቢመስልም። ምስሉን ያለ ምንም ምልክት እከፍታለሁ። ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ በአእምሮዬ ሳይሆን በጽሑፍ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮግራሙን የምከፍተው። ከተለያየን የጻፍኩትን ለማጥፋት ምክንያት ሊኖረኝ ይገባል። «ማሽኑ የለም ስላለ» የሚለው ምክንያት አይደለም። «ከዓመት በፊት የነበረው ራጅ ላይም አለች፣ አላደገችም» የሚለው ግን ምክንያት ነው።

ብቸኛው ሐኪም፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እናንተ ሁለት ራዲዮሎጂስት፣ ሲኒየር፣ ጠዋት የሚያርም ሰው እያላችሁ ነው። እኔ ጋ አንድም የለም። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ራጁን የማነበው እኔው ነኝ። ካልቻልኩ የሚያነበው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የሳንባ ነቀርሳን በመለየት ሥራ ላይ ኮምፒውተር በሰው አንባቢ ምትክ ራጅ ማንበብ ይችላል ብሎ መክሯል፤ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ። ለኔ ያ ትልቅ እፎይታ ነው። አክታ መመርመር ያለበትን ሰው ይለይልኛል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የአክታው ምርመራ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ አንብብ» የሚለው ምክር ለኔ ብዙም አይሠራም። ከኔ ንባብ የሱ ይሻላል፤ ይህንን በሐቅ ነው የምለው።

አንድ ጊዜ ግን ልሳሳት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ራጅ አስገባሁበት። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠው። ልጁን ወደ ቤቱ ልልከው ስል ክብደቱ እንደቀነሰ እናቱ ነገረችኝ። ያኔ ነው ከ15 ዓመት በታች የሚለው ትዝ ያለኝ። ፕሮግራሙ «ይህ ልጅ ነው፣ አላውቀውም» አላለኝም። ዝም ብሎ ነጥብ ሰጠ። ልጁን ወደሚመለከተው ላክሁት፤ ሕክምና ጀምሯል።

ጥቁርና ነጭ፦

ዶክተር፣ ልክ ነዎት። የኔ ምክር የሚሠራው የሚያነብ ዓይን ባለበት ነው። እርስዎ ጋ ያለው ምርጫ ማሽን ወይም ምንም ነው። ልጁን ያተረፈው ግን ያው ነገር ነው፦ ከማሽኑ ውጭ የሆነ መረጃ። የእናቱ ቃል።

ኮድ ጸሐፊ፦

ይህንን ለባልደረቦቼ አሳያለሁ። ዕድሜው ከምስሉ ጋር አብሮ ይመጣል እኮ! ከ15 በታች ከሆነ ነጥብ ሳይሰጥ መቆም ይችላል። ቀላል ሥራ ነው። ያልተሠራው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

የራጅ ክፍል፦

አንድ ጥያቄ አለኝ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ነው። የጭንቅላት ሲቲ ላይ ደም የጠረጠረበትን ወረፋ አሳልፎ ወደ ላይ ያወጣዋል። እዚያም ሐኪሙ መጀመሪያ ያንብብ ልትሉ ነው?

ጥቁርና ነጭ፦

የለም፣ እዚያ ቀድሞ ይናገር። ደም ካለ ደቂቃም ዋጋ አላት። ወረፋ ማስቀደም ፍርድ መስጠት አይደለም። እኔ የምሠጋው ለሌላኛው ነው፤ ፕሮግራሙ ስቶት ወረፋው መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው። ከላይ ያሉት «አስቸኳይ» ሲባሉ ከታች ያሉት ሳይባል «አያስቸኩልም» ይሆናሉ። እና አንባቢው እነሱ ጋ ሲደርስ ደክሞታል፣ ተዘናግቷልም። ያልተመረጡት ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

የማታ ተረኛ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ለሲኒየሬ ይህንን ውይይት አሳየኋቸው። አብረን ኃላፊውን ጠየቅን። ውጤቱ በራሱ ብቅ እንዳይል፣ ስንጫነው ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻል ኖሮ! አንድ ቅንብር ነው፤ ማንም አልነካውም። አሁን ተቀይሯል። ከነጥቡም ጋር እንዲታይ ጠይቀናል፤ እሱ ገና ነው።

መጀመሪያ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ አልዋሽም። ሥራ ሲበዛ እጄ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ፤ የተለያየንበትን ሁሉ እጽፍበታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ራጁን በቅደም ተከተል አይቼ ደህና ብዬ ጻፍኩ። ስከፍተው የሳንባው ጫፍ ላይ ሣጥን አለ። ቀጭን የአየር መስመር። ቱቦ የሌለበት ሰው! ደግሜ አየሁት፣ አለ። ወዲያው ለድንገተኛ ክፍል ደወልኩ። እዚያች ሌሊት ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮ ሰውየው በእግሩ እየሄደ ይወጣ ነበር። ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ስኮፕ፣ ያ ቀን ከደረሰብህ በኋላ ምን አደረግህ?

ስኮፕ፦

ክፍላችን ውስጥ ተነጋገርን። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ሣጥኑን አጥፍተን እንሠራለን፤ ማክሰኞ። ለበሽተኞቹም እንነግራለን፤ ይህንን ያመጣሁት ተመላሽ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ነው። እስካሁን አንድም ሰው ቅር አላለውም። አንዲት ሴትዮ ብቻ «ታዲያ ዛሬ በደንብ ታየኛለህ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ አልኳቸው። ካሜራውን ስመልስ ከወትሮው ቀስ ብዬ ነበር የወጣሁት።